ሰብሉ ሳይደርስ የሚከፈል ዋጋ፦ ከወለድ ነፃ ፋይናንስና ገበሬው

(ደሴ ላይ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች፣ ለባንክ ባለሙያዎችና ለግብርና ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

አሰላሙ ዓለይኩም፤ እንደምን ዋላችሁ። ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ።

ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ወለድ የማይበላ፣ ወለድም የማይከፍል ገበሬ ክረምት ሲገባ ማዳበሪያውን በምን ይግዛ?

ጥያቄው ለእኛ ለወሎዎች የቤታችን ጉዳይ ነው። ቃሉ፣ ወረባቦ፣ ባቲ፣ ደዋ ጨፋ ብትሄዱ የብድር ባለሙያ ቀበሌ ሲመጣ ዝም ብሎ ከስብሰባው የሚወጣ ሰው ታገኛላችሁ። ባለሙያው "ብድር አይፈልጉም" ብሎ ይመዘግባል። ልክ አይደለም። ሰውየው ገንዘቡን ይፈልጋል። እምቢ ያለው ውሉን ነው።

ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰኔ ይገባል። ዘርና ማዳበሪያ መገዛት አለበት፤ በእጅ ብር የለም። ወይ ፍየሉን በርካሽ ይሸጣል። ወይ የማዳበሪያውን መጠን ቀንሶ ይዘራል። ወይ ደግሞ ወደ ነጋዴው ይሄዳል። ነጋዴው "እኔ ወለድ አልጠይቅም፤ ብሩን አሁን ውሰድ፣ ሲደርስ እህሉን ትሰጠኛለህ" ይለዋል። ዋጋውን የሚቆርጠው ግን ነጋዴው ራሱ ነው። ልጁ የታመመበት፣ ዝናብ የጀመረበት ሰው ተከራክሮ የት ይደርሳል? ጅማና ኢሉባቦር አካባቢ ቡናው ገና አበባ ሳለ የሚሸጥ ገበሬ አለ። በስሙ ወለድ የለበትም። ገበሬው የሚከፍለው ግን ከየትኛውም ባንክ ወለድ የከበደ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ ወለድን ከውል ላይ በመፋቅ አይጨረስም። ለገበሬው የሚስማማ ሸሪዓዊ ውል አለ፤ ዋጋው ዛሬ ተከፍሎ እህሉ ሲደርስ የሚረከብበት ነው፤ ሰለም ይባላል። የኛ ባንኮች እስካሁን እምብዛም አልነኩትም። ሰለም ደግሞ ዋጋው ፍትሐዊ ካልሆነ ከነጋዴው የአበባ ግዢ የሚለየው በማኅተሙ ብቻ ይሆናል። ዛሬ ይህን ላስረዳ ነው የመጣሁት።

ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ብዙ ሰው ኢስላማዊ ባንክ ሲባል የባሕረ ሰላጤው ነዳጅና ፎቅ ይታየዋል። የዘመናዊው ኢስላማዊ ባንክ ጅማሬ ግን ገጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አሕመድ አል ነጃር የሚባሉ ግብፃዊ የኢኮኖሚ ምሁር በናይል ደለል መሬት ላይ ባለችው በሚት ገምር ከተማ ትንሽ የቁጠባ ባንክ አቋቋሙ። ጀርመን ሲማሩ ያዩትን የአካባቢ ቁጠባ ባንክ ነው ይዘው የመጡት፤ ወለዱን ግን አስወጡለት። የጊዜው ፖለቲካ ስለማይመች "ኢስላማዊ" የሚል ስም እንኳ አልሰጡትም። ደንበኞቹ ጥጥ አምራቾች፣ አነስተኛ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ባንክ በደጁ አልፈው የማያውቁ ሰዎች ሳንቲማቸውን ይዘው መጡ። እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራው ቢቋረጥም ሐሳቡ አልሞተም። የዱባይ ኢስላሚክ ባንክና የጅዳው የኢስላሚክ ልማት ባንክ ሥራ የጀመሩት ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ነገሩ ከገበሬ ተነስቶ ወደ ፎቅ ወጣ ማለት ነው። እኛ ጋ ወደ ገበሬው እንዲመለስ እፈልጋለሁ።

የኛን ሀገር መንገድ በአጭሩ ልንገራችሁ። አዋጅ ቁጥር 592/2000 ከወለድ ነፃ ባንክን በሩን ከፈተለት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ግን የፈቀደው መደበኛ ባንኮች ውስጥ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጥ መስኮት መክፈትን ብቻ ነበር። ከ2006 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መስኮቶቹ ተከፈቱ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ የተፈቀደው በ2011 ዓ.ም. ነው። ዘምዘም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ተከተለው፤ ሸበሌና ራሚስም መጡ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት ከሕዝባችን 34 በመቶ ገደማው ሙስሊም ነው። ያ ሁሉ ሰው ገንዘቡን ትራስ ሥር ከማስቀመጥ ወጥቶ ባንክ ማስገባት ችሏል።

ማስገባቱ ላይ ተሳክቶልናል። ማውጣቱ ላይ ነው ችግሩ። ከወለድ ነፃ ተብሎ የሚሰበሰበው ተቀማጭ፣ በፋይናንስ መልክ ከሚለቀቀው እጅግ ይበልጣል። የሚለቀቀውም አብዛኛው ሙራባሃ ነው። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን ግልጽ አድርጎ ጨምሮ፣ በጊዜ ክፍያ ይሸጥልሃል። ለመኪና፣ ለማሽን፣ ለሸቀጥ ጥሩ ነው። የሐይቅና የኮምቦልቻ ገበሬ የቆጠበው ብር ግን አዲስ አበባ የጭነት መኪና ሲገዛ ገበሬው ራሱ ማዳበሪያ ያጣል። ይሄ ያንገበግበኛል።

ሙራባሃ ለገበሬ አይሆንም እያልኩ አይደለም። ለውሃ ፓምፕ፣ ለመውቂያ ማሽን፣ ለእርሻ በሬ ይሆናል። ለማዳበሪያም ይቻላል፤ ባንኩ ከኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ዩኒየን ይገዛል፣ የቀበሌውን ማኅበር ወኪል ያደርጋል፣ ማኅበሩ ለገበሬው ያስረክባል። እዚህ ላይ ግን ለባንክ ባለሙያዎች አንድ ነገር ልበል። ማዳበሪያው ለአንድ ቀንም ቢሆን የባንኩ መሆን አለበት። ዝናብ ቢያበላሸው ኪሳራው የባንኩ ነው። ያንን ኃላፊነት ሳትወስዱ ወረቀት ብቻ ካፈራረማችሁ ገበሬው ይገባዋል። "ወለዱን ስሙን ቀይረው አመጡት" ይላል፤ ሼሁም ይሰሙታል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ቀበሌ ዳግም አታገኙትም።

የሙራባሃ ሌላው ጉድለት ገበሬው ብር በሚፈልግበት ጊዜ ብር አለመስጠቱ ነው። ገበሬ የሚገዛው ዕቃ ብቻ አይደለም። የአረምና የአጨዳ ሠራተኛ አለ፤ ስንቅ አለ፤ መጓጓዣ አለ። ለዚህ የሚሆነው ሰለም ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ሰዎቹ ለቴምር ከአንድና ከሁለት ዓመት በፊት ዋጋ ይከፍሉ ነበር። አልከለከሏቸውም። ልኩ የታወቀ፣ ክብደቱ የታወቀ፣ ጊዜው የታወቀ ይሁን አሏቸው። የሰለም ሕግ ከዚህ ይጀምራል። ገዢው ሙሉውን ዋጋ ዛሬ ይከፍላል፤ ገበሬው እህሉን በተቆረጠው ቀን ያስረክባል። ባለው ዕቃ ላይ ብቻ ውል ይደረግ ከሚለው ጠቅላላ ሕግ ወጣ ብሎ የተፈቀደ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ የአምራቹ ችግር ነው።

እንግዲህ "ነጋዴውም ያው ይህንን አይደል የሚያደርገው?" የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

መጀመሪያ፣ አበባ መግዛት ሰለም አይደለም። ፍሬው መብሰሉ ሳይታይ መሸጥ በሐዲስ ተከልክሏል። ሰለም ከዚያ ማሳ፣ ከዚያ ዛፍ ጋር አይታሰርም። ውሉ የሚናገረው "የዚህ ደረጃ ማሾ፣ ይህን ያህል ኩንታል" ብሎ ነው። የገበሬው ማሳ በበረዶ ቢመታ ከጎረቤት ገዝቶ ማስረከብ ይችላል። ከገበያ ከጠፋ ደግሞ ገዢው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ እስከሚቀጥለው ምርት ይጠብቃል፣ ወይ የሰጠውን ብር ያንኑ መልሶ ይቀበላል። አንዲት ሳንቲም መጨመር አይችልም። ቁርኣኑም ተበዳሪው ከተቸገረ እስኪያገኝ ጠብቁት ነው የሚለው። በነጋዴው ውል ግን ዘንድሮ ያልተከፈለ አንድ ኩንታል ለከርሞ ሁለት ይሆናል። አራጣ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሁለተኛው ልዩነት ዋጋው መሆን አለበት። "መሆን አለበት" ያልኩት አውቄ ነው፤ ሸሪዓው የሰለምን ዋጋ ለተዋዋዮቹ ስምምነት ስለተወው ነው። እዚህ ጋ ነው ፍትሕ የሚመጣውም፣ የሚጠፋውም።

በቁጥር እንየው። ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው። አንድ የቃሉ ገበሬ ለማሾ ሥራው 18,000 ብር ያስፈልገዋል እንበል። ምርቱ ሲደርስ ኩንታሉ 8,000 ብር ያወጣል ተብሎ ይገመታል። ነጋዴው በ4,000 ይቆርጥበታል። ገበሬው አራት ኩንታል ተኩል ዕዳ አለበት ማለት ነው። ባንክ በሰለም በ7,200 ቢገዛው ዕዳው ሁለት ኩንታል ተኩል ይሆናል። ልዩነቱ ሁለት ኩንታል ነው። ሁለት ኩንታል ማሾ ለዚያ ቤት ምን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ አልነግርም። ባንኩም አልከሰረም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በኩንታል 800 ብር ትርፍ ይጠብቃል።

አሁን ደግሞ የሚያስፈራውን እንይ። ዋጋው 12,000 ቢገባስ? በዚህ ጉዳይ ሱዳንን ማየት አለብን፤ ከኛ በፊት ሄደውበታልና።

ሱዳን ውስጥ የኛን ነጋዴ የሚመስል የድሮ ልማድ አለ። ሸይል ይሉታል። የመንደር ነጋዴ ለገበሬው በችግሩ ጊዜ ይሰጠዋል፣ በመኸር እህሉን በግማሽ ዋጋ ይወስዳል። ሀገሪቱ ባንኮቿን ወደ ኢስላማዊ ሥርዓት ስታዞር የግብርና ባንኳን ጨምሮ ብዙዎቹ ሰለምን በሰፊው ያዙት፤ በተለይ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ። በጥቁር ዓባይ ውሃ የሚለማው ሰፊው የገዚራ እርሻም ውስጥ ገባ። ከዚያ የዋጋ ንረቱ መጣ። ባንኩ በዘር ወቅት የከፈለው ዋጋ በመኸር ጊዜ መሳቂያ ሆነ። ገበሬው ከሸይል ሸሽቶ ባንክ ገባ፤ ባንኩም በሌላ መንገድ እህሉን በርካሽ ወሰደበት። አንዳንዱ አላስረክብም አለ። ፈርዶበት የሚናገር ካለ እኔ አብሬው አልቆምም።

ሱዳኖች መፍትሔ አበጁ። ውሉ ውስጥ የኢሕሳን አንቀጽ የሚሉትን አስገቡ። በርክክብ ቀን የገበያው ዋጋ ከውሉ ዋጋ በሲሶ ከበለጠ፣ ከሲሶው በላይ ያለውን ጉዳት ገበሬው ብቻውን አይሸከምም፤ ይካካሳል። ዋጋው ክፉኛ ከወደቀም ገዢው እንዲሁ ይታሰብለታል። በኛ ምሳሌ እናስላው። የ7,200 ሲሶ 2,400 ነው። ድንበሩ 9,600 ይሆናል። ገበያው 12,000 ከገባ ከድንበሩ በላይ በኩንታል 2,400 ብር አለ። በሁለት ኩንታል ተኩል 6,000 ብር ለገበሬው ይመለሳል። ባንኩ አሁንም አትርፏል። ገበሬው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል።

ይህ አንቀጽ ላይ የሚከራከሩ ዑለማእ አሉ። ዋጋው ቀድሞ የታወቀ መሆን አለበት፣ ኋላ መነካካቱ ውሉን ያሻማል ይላሉ። ክርክሩን አከብራለሁ። የኛ የሸሪዓ አማካሪዎችም ቁጭ ብለው ይምከሩበት። የኔ ልመና ምክክሩ ማሾው ከመዘራቱ በፊት እንዲጠናቀቅ ነው። የዋጋ ንረት እንደኛ በሚለዋወጥበት ሀገር ያለ እንዲህ ያለ ጥበቃ ሰለም ይዞ ገጠር መግባት ገበሬውን ማሳዘን ነው።

ባንኮቹ ለምን ሰለምን ይፈሩታል? ምክንያታቸው ይገባኛል። ባንክ ብር እንጂ እህል መቀበል አያውቅም። መጋዘን የለውም፤ ነቀዝ አያውቅም፤ የዋጋ ግምት የሚሠራ የግብርና ባለሙያ የለውም። መፍትሔው ግን እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ዩኒየኖች መጋዘን አላችሁ። ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚገበያይ ሰብል ነው፤ የጥራት ደረጃ ወጥቶለታል። ሰለም የሚጠይቀው "የታወቀ ልክ፣ የታወቀ ጥራት" በሀገር ደረጃ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ባንኩ ደግሞ እህሉን እስኪረከብ እጁን አጣጥፎ መጠበቅ የለበትም። ከላኪ ወይም ከፋብሪካ ጋር ሁለተኛ፣ ራሱን የቻለ የሰለም ውል ያደርጋል፤ ትይዩ ሰለም የሚባለው ነው። አንዱ ውል በሌላው ላይ እስካልተንጠለጠለ ድረስ የተፈቀደ ነው።

ሽርክናን ሳልጠቅስ አላልፍም። የሱዳኒዝ ኢስላሚክ ባንክ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአነስተኛ ገበሬዎች ጋር ሙሻረካ ሞክሯል። ባንኩ ማረሻውን፣ ትራክተሩን፣ ነዳጁን፣ ዘሩንና መድኃኒቱን ያቀርባል። ገበሬው መሬቱንና ጉልበቱን፣ ካለውም ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል። ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶው አስቀድሞ ለገበሬው ይሰጣል፤ ሥራውን ስለመራው። የቀረው 70 በመቶ እንደየመዋጯቸው ይከፋፈላል። ባንኩ የሚያተርፈው ገበሬው ሲያተርፍ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ባለሙያውን ማሳው ድረስ ይልካል። ይሄ ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። የእኩል ማረስን፣ ላም ለእርባታ ሰጥቶ መካፈልን አያቶቻችን ኖረውበታል። ነቢዩም የኸይበርን መሬት ለነዋሪዎቹ በምርቱ እኩሌታ ሰጥተዋል። ሙሻረካ ሒሳብ መያዝና መተማመን ስለሚፈልግ ከሰለም ይከብዳል። ለመስኖ አትክልትና ለከብት ማድለብ ግን ከሁሉም የተሻለ ይመስለኛል።

ዋስትና የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረትን፣ ከብትንና ሰብልን ጭምር፣ ዋስትና ማድረግ ፈቅዷል። ጥሩ ነው። እኔ ግን በወሎ ከከብቱ በፊት ቅሬውን፣ ማለትም የኛን ዕድር፣ እጠይቃለሁ። በአንድ ቅሬ ውስጥ ያሉ አሥር አባወራዎች አንዱ ለአንዱ ዋስ ሲሆኑ፣ የቅሬው ዳኛም ሲያውቀው፣ ያንን ዕዳ ችላ ብሎ ቀብር ላይ የሚቆም ሰው የለም። ቅሬ ደግሞ ሙስሊም ክርስቲያን ብሎ ሰው አይለይም። የማወራው የፋይናንስ አገልግሎትም ለሙስሊሙ ብቻ አይደለም። በግማሽ ዋጋ ማሾውን የሚያስረክብ ክርስቲያን ገበሬ አለ፤ ይህ ውል ለሱም ክፍት መሆን አለበት።

ቅሬ ግን ድርቅን አይችልም። ድርቅ ሲመጣ አሥሩም አንድ ላይ ይመታሉ። ለዚህ የጎረቤታችንን የኬንያን ሙከራ እዩ። በዋጂር እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ከታካፉል ኢንሹራንስ ኦፍ አፍሪካ ጋር ሆኖ ለአርብቶ አደሩ ከሸሪዓ ጋር የሚሄድ የድርቅ መድን ጀመረ። የግጦሹን አረንጓዴነት ሳተላይት ይለካል፤ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ማንም እየዞረ የሞተ ከብት ሳይቆጥር ክፍያ ይወጣል። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያው ክፍያ ተከፈለ። እኛም ቦረና ላይ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኦሮሚያ ኢንሹራንስ በኩል የዚሁ ዓይነት የእንስሳት መድን አይተናል። ለቃሉና ለባቲ ቆላ የሰብል ታካፉል፣ ከሸሪዓ ጋር የሚሄድ የሰብል መድን ማለት ነው፣ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ዘካንም አትርሱ። በዝናብ የሚበቅል እህል ከደረሰ ዘካው አንድ አሥረኛ ነው፤ በመስኖ ከሆነ የዚያ ግማሽ፣ ለገበሬው ድካምና ወጪ ታስቦለት። ቁርኣን ዘካ ይሰጣቸው ብሎ ከቆጠራቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ዕዳ የከበደው ሰው ነው። ምርቱ የጠፋበት ገበሬ የሰለም ዕዳ በዘካ ሊከፈል ይችላል ማለት ነው። መስጊዶቻችን ይህን ገንዘብ በየመንደሩ በትኖ ከመስጠት ጎን ለጎን፣ ለዚህ የሚሆን ትንሽ ቋት ቢኖራቸው ስንት ሰው ከስደት ይተርፋል። የዚህ አካባቢ ልጆች በጅቡቲ አድርገው ባሕር የሚሻገሩት ብዙ ጊዜ በዕዳ ምክንያት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ሰብል፣ በአንድ ወቅት እንጀምር። ማሾን የምመርጠው ቶሎ ስለሚደርስና ደረጃ ስላለው ነው። ዋጋውን ባንኩ ብቻውን አይቁረጥ። ሁለት ገበሬ፣ የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ፣ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያና የባንኩ ሰው ተቀምጠው፣ ያለፉትን ዓመታት የመኸር ዋጋ ዘርግተው ይቁረጡት። ውሉ በአማርኛና በኦሮምኛ ይጻፍ፤ ገበሬው ፊት ይነበብ፤ ሼሁና የቅሬው ዳኛ ይስሙት። የኢሕሳን አንቀጹም በግልጽ ይቀመጥ። ብሩ ዘር ከመውረዱ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይድረስ፤ ከዚያ ከዘገየ ገበሬው አስቀድሞ ነጋዴው ጋ ሄዷል።

የማኅበራት መሪዎች፣ የሦስትና የአራት ዓመት የማሾ ዋጋ መዝገባችሁን አሁኑኑ ማሰባሰብ ጀምሩ። የባንክ ሰዎች፣ የሸሪዓ አማካሪዎቻችሁን ይዛችሁ አንድ የገበያ ቀን ባቲ ውረዱና ነጋዴው ለገበሬው ስንት እንደሚቆርጥ በጆሯችሁ ስሙ። ጥያቄ ያለው ካለ፣ እዚሁ ነኝ።